ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ ወርቅ ለመፈለግ መሣሪያ ለሚገዙና ለሚያሠሩ ወጣቶች

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ጥምጣሙን ጠልተው አይደለም። ጥምጣም ለሚገባው ሰው ክብር ነው። የነቀፉት ትምህርቱን ሳይዝ ልብሱን ብቻ ለብሶ አደባባይ የሚወጣውን ሰው ነው። ይህ ተረት ደግሞ ለቤተ ክህነት ሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። አንዲት ፎቶግራፍ ሳያነሳ ካሜራ በአንገቱ የሚያንጠለጥል፣ አንድ መጽሐፍ ሳይጨርስ መደርደሪያ የሚያሠራ ሁሉ በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ዛሬ እኛ በዚህ ሚዛን ላይ ልናስቀምጠው ያሰብነው፣ በዕረፍት ቀኑ ወርቅ ለመፈለግ ተመኝቶ፣ ስለ ወርቁ ጠባይ ሳይጠይቅ ስለ መሣሪያው ዋጋ የሚጠይቀውን ወጣት ነው።

ምኞቱ ከየት እንደ መጣ አይጠፋንም። በአሜሪካና በአውስትራሊያ የሚኖሩ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና ጡረተኞች ቅዳሜና እሑድ ወደ ወንዝ ወርደው በሳፋ አሸዋ ሲያጥቡና በመጨረሻ አንዲት ቢጫ ቅንጣት በጣታቸው ሲያነሱ፣ በየእጃችን ባለው ስልክ እናያለን። ይህን ያየ የእኛ አገር ተማሪ ወይም አዲስ ተቀጣሪ፣ የወርቅ አገር ልጅ ሆኖ ሳለ እርሱ የማይሞክርበት ምክንያት አይታየውም። በተለይ በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ከሆነ ምኞቱ ይብስበታል። ምክንያቱም ከደጁ ሲወጣ ላሜራ የሚቆርጥ፣ አንጎላሬ የሚበይድ፣ ባሌስትራ የሚቀጠቅጥ ሰው አያጣም። ከዚህም በቀር ወደ ቢሾፍቱና ወደ ሞጆ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳና ወደ አዶላ የሚያወርደው መንገድ የሚያልፈው በሰፈሩ መካከል ነው። ብረቱም መንገዱም በእጁ ናቸው። የጎደለው ምን እንደሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጨዋታ ነው ወይስ ሥራ?

ከገበያው በፊት ሕጉን ማወቅ ይገባል። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ማንም ሰው ትንሽ ገንዘብ ከፍሎ ለ10 ዓመት የሚያገለግል የወርቅ መፈለጊያ ወረቀት ይይዛል። ይህ ወረቀት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. ወርቅ ቆፋሪዎቹ ፈቃዱ ተወደደብን ብለው ካመፁ በኋላ ነው። በኒውዚላንድም ለሕዝብ መዝናኛ ተብለው የተለዩ የወርቅ ወንዞች አሉ። በእነዚህ አገሮች ወርቅ ፍለጋ እንደ ዓሣ ማጥመድ ያለ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኗል ማለት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ እንዲህ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 የዘረዘራቸው ፈቃዶች የቅኝት፣ የምርመራ፣ ይዞ የማቆየት፣ የባህላዊ፣ የአነስተኛና የከፍተኛ ደረጃ የማዕድን ማምረት ፈቃዶች ናቸው። የመዝናኛ የሚባል ፈቃድ በመካከላቸው የለም። ለወጣቶቻችን ሐሳብ የሚቀርበው የባህላዊ ማምረት ፈቃድ ነው። ይህም ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሰጥ፣ በአብዛኛው በእጅ ጉልበት ለሚሠራ ሥራ የተመደበ ሲሆን፣ የሚጠየቀውም በክልሉ የማዕድን መሥሪያ ቤት ነው። የወርቅ ግብይትም ቢሆን የራሱ ሕግ አለው። ያገኙትን ወርቅ በወረቀት ጠቅልሎ ላገኙት ሰው መሸጥ ወንጀል ውስጥ ሊያስገባ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ወረቀት ነው እንላለን። ዶማ ይዞ ወረቀት ያልያዘ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ መኪና እንደ ገዛ ሰው ይቆጠራል። ደግሞም ሳንዘነጋ፣ በሻኪሶ፣ በአሶሳ፣ በመተከል፣ በጋምቤላው ዲማና በትግራይ ወርቅ ማጠብ ለብዙ ሺህ ቤተ ሰቦች የዕለት እንጀራ ነው። እኛ ለጨዋታ ብለን የምንወርድበት ወንዝ ለሌላው ጓዳው ነው። ከአካባቢው ሰው ጋር ሳይመክሩ መውረድ ከሕጉም በላይ ነውር ነው።

ብረት ሄዶ ወርቅ ሲመጣ

መሣሪያ ማሠራትን ከወርቅ የሚያንስ ሥራ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ቢኖር፣ ይህን ታሪክ ያድምጥ። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የሚባል የግሪክ ነጋዴ ወደ አክሱም መጥቶ የሰማውን ጽፎ ትቷል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ በአገው አገር ገዢ በኩል ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር ነጋዴዎች ይልክ ነበር። ከአምስት መቶ የሚበልጡት እነዚህ ነጋዴዎች የሚይዙት በሬ፣ ጨውና ብረት ነበር። ከቦታው ሲደርሱ በእሾህ አጥር ይሠሩና ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ይደረድራሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በወደዱት ዕቃ ላይ ግብጦ የሚያካክሉ የወርቅ ፍሬዎች አስቀምጠው ገለል ይላሉ። ባለ ዕቃው ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያን ጊዜ ገዢው ይጨምርለታል ወይም ወርቁን መልሶ ይወስዳል። ሁለቱም አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ገበያው ያልቃል።

ከዚህ ታሪክ ልናስተውል የሚገባን ነገር፣ በወርቅ አገር ብረት ወርቅ የሚያወጣ ዕቃ እንደነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝም ሳሙኤል ብራናን የሚባል ነጋዴ አካፋውንና ሳፋውን አስቀድሞ ሰብስቦ ገዛ። ከዚያ በኋላ በጠርሙስ የያዘውን ወርቅ እያሳየ በሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ወርቅ መገኘቱን ለፈፈ። እርሱ የከበረው ወርቅ ቆፍሮ ሳይሆን ለቆፋሪዎቹ ዕቃ ሸጦ ነው። በኔቫዳ ምድር በሬኖ ከተማ የነበረው ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ የሠራተኞች ሱሪ ከኪሱ ጫፍ እየተቀደደ ሲያስቸግር፣ በዚያው ቦታ የመዳብ ሪቬት መታበት። በዚህ ሐሳብም ከሌቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1873 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አገኘ። ዛሬ ጂንስ የምንለው ሱሪ ከዚያ የተወለደ ነው።

እንግዲህ መሣሪያን ለሥራው እንዲስማማ ማሻሻል ማለት ይህ ነው። የተቀደደበትን ቦታ አይቶ በዚያው ቦታ ላይ መፍትሔውን መምታት ነው እንጂ፣ ዕቃውን ማስጌጥ አይደለም።

ወርቅ በምን ይያዛል?

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው አንድ ጠባይ አለ፤ እርሱም የወርቅ ክብደት ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ በውሃ ቢሞላ ውሃው 1 ኪሎ ይመዝናል። ያው ጣሳ በነጭ ባልጩት ቢሞላና ምንም ክፍተት ባይኖረው 2.65 ኪሎ፣ በወርቅ ቢሞላ ግን 19.3 ኪሎ ይሆናል። ወርቅ ከባልጩት ከ7 ጊዜ በላይ ይከብዳል ማለት ነው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውሃው ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ኪሎ ስለሚያቃልል፣ ልዩነቱ ወደ 11 እጥፍ ይሰፋል። ወርቅ አጣቢ ሁሉ ውሃ የሚፈልግበት ምክንያት ይህ ነው። ውሃ አሸዋውን ከማጠብ አልፎ ወርቁን ከአሸዋው ጋር ይበልጥ ያለያየዋል።

ስለዚህ ገበቴውም፣ ሳጥኑም፣ ምንጣፉም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ቀላሉን ነገር በውሃ እያሰናበቱ፣ ከባዱን ነገር ማረፊያ ቦታ ይሰጡታል። ይህን ያወቀ ወጣት ማንኛውንም ዕቃ ሲያሳዩት «ከባዱ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ቀላሉስ የሚወጣው በየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ለዚህ መልስ ከሌለው ዕቃው ይቅርበት።

ገበቴው

በአገራችን ወርቅ አጣቢዎች ከእንጨት በተጠረበ ገበቴ ሲሠሩ ኖረዋል። ገበቴ ከዋንዛ ሲሆን ቀላልና የማይሰነጠቅ ይሆናል፤ የእንጨቱ ሸካራነትም ደቃቁን ወርቅ ይይዛል። ከውጭ የሚመጣው የፕላስቲክ ሳፋ በአንድ ጎኑ እርከን አለው፤ ለጀማሪ ይመቻል። ሦስተኛው ዓይነት ከላሜራ የሚቀጠቀጠው ሲሆን፣ የቃሊቲ ልጅ በሰፈሩ ሊያሠራው የሚችለው ይህን ነው። የአፉ ስፋት ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ ቢሰፋ በአሸዋና በውሃ ሲሞላ ክንድ ይገነጥላል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንደ ድስት የቆመ ሳይሆን ወደ ውጭ የተጋደመ መሆን አለበት፤ አለዚያ አሸዋው አይወጣም።

አዲስ ላሜራ ከፋብሪካ ሲወጣ ዘይት የተቀባ ነው። ደቃቅ ወርቅ ደግሞ ዘይት ከነካው በውሃው ላይ ተንሳፎ ከአሸዋው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አዲሱን የብረት ገበቴ በከሰል እሳት ላይ አስቀምጦ ዘይቱ እስኪነድና ብረቱ ወደ ሰማያዊና ወደ ጥቁር እስኪለወጥ ማጋል ይገባል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ዘይቱ ይጠፋል፤ የጠቆረው ብረትም ቢጫዋን ቅንጣት አጉልቶ ያሳያል። ከምሳ በኋላ በወጥ እጅ ገበቴ መያዝም የዚያኑ ያህል ስሕተት ነው። በማጠቢያው ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ቢጨመርበት ተንሳፋፊው ወርቅ ይሰጥማል።

ስለ በርሚል አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። ብዙዎች ርካሽ ነው ብለው ከአሮጌ በርሚል ክዳን ገበቴ ያሠራሉ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይዞ የነበረ በርሚል ባዶ ቢመስልም በውስጡ እንፋሎት ይቀራል፤ በእሳት ሲቆረጥ ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል። የተረፈው ሰው ደግሞ መርዝ የያዘ በርሚል ሳያውቅ ሊገዛ ይችላል። ምን ይዞ እንደነበረ ያልታወቀ በርሚል አይገዛም።

ወንፊቱና ሳጥኑ

ወንፊት ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ሲሆን፣ ጀማሪ የሚንቀውም እርሱን ነው። በአንድ ገበቴ ውስጥ ትልልቅ ጠጠርና ደቃቅ አሸዋ ከተቀላቀሉ፣ ጠጠሩን ለማስወጣት የሚበቃው ኃይለኛ ውሃ ደቃቁን ወርቅ አብሮ ይወስዳል። ስለዚህ አስቀድሞ መንፋት ያስፈልጋል። አንድ አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ ወስዶ ታችኛውን ክፍል በትራፓኖ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ቀዳዳ መብሳትና በሌላ ባልዲ አፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ከተቻለ ከበላዩ ቀርቶ ከሥሩ የሚገባ ሁለተኛ ባልዲ በሽቦ ወንፊት ማሠራት ይቻላል። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ጠጠር ግን ሳያዩ አይጥሉትም፤ ትልቁ ወርቅ የሚቀረው እዚያ ነውና።

ገንዘብ የሚያስወጣው ዕቃ በወራጅ ውሃ ላይ የሚቀመጠው የማጠቢያ ሳጥን ነው። ሳጥን ሲባል አፍና መውጫው ክፍት የሆነ አሸንዳ ማለታችን ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በምንጣፉ ላይ ውሃውን በየመካከሉ የሚያቆሙ እርከኖች ይታሰራሉ። ውሃው እያንዳንዱን እርከን ዘሎ ሲወርድ ከበስተ ኋላው ይሽከረከራል፤ በዚያም ከባዱ ነገር ከምንጣፉ ይወርዳል።

ወደ በያጁ ከመሄድ በፊት በወረቀት ላይ ጥቂት ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለቱ ጎኖች ቁመት 12፣ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 0.54 ካሬ ሜትር ላሜራ ይፈጃል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሳጥኑ 4.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8.5 ኪሎ ይሆናል። በ2 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ቢሠራ ግን 2.9 ኪሎ ብቻ ነው። አውቶቡስ ከሚያወርድበት ቦታ እስከ ወንዙ ያለው መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ከሆነ፣ የዚህን ልዩነት ትርጉም ጀርባ ያውቀዋል። «ጠንካራ ይሁን» ብሎ ወፍራም ላሜራ ማዘዝ የጀማሪ ስሕተት ነው። ቀጭኑን ላሜራ ጫፉን ወደ ውጭ አጥፎ ማጠንከር ይቻላል፤ እጥፋቱም እጅ እንዳይቆርጥ ያደርጋል።

ዚንክ የተቀባውን ላሜራ ማለትም ቆርቆሮውን መበየድ አይገባም። ዚንኩ ሲነድ የሚወጣው ነጭ ጢስ በያጁን በዚያው ሌሊት በብርድና በትኩሳት ያንዘፈዝፈዋል። እንዲህ ያለውን ላሜራም ሆነ አልሙኒየሙን አጥፎ በሪቬት ማያያዝ ይሻላል። እርከኖቹ ግን ለዘለቄታው መመታት የለባቸውም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውን ትንንሽ አንጎላሬዎች በአምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ ክፈፍ ላይ አስይዞ፣ ክፈፉ በቢራቢሮ ብሎን እንዲወልቅና እንዲገባ ማድረግ ነው። ወርቁ ያለው ከሥር ባለው ምንጣፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ክፈፉ ካልወለቀ ምንጣፉ አይታጠብም። ለምንጣፉ መስመር መስመር ያለው የመኪና ላስቲክ ወይም ጸጉራም የቤት ምንጣፍ ይሆናል፤ አሮጌ ጆንያም ለመጀመሪያ ጊዜ አያሳፍርም።

የሳጥኑ ዝቅዝቅታ ከ1 ሜትር ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ይጀመራል። ከዚያ በኋላ አስተማሪው ራሱ ሳጥኑ ነው። በእርከኖቹ መካከል አሸዋው ተጠቅጥቆ ከደረቀ ዝቅዝቅታው አንሷል። ምንጣፉ ራቁቱን ከቀረ ደግሞ በዝቷል። በዚህ ምክንያት እግሮቹን እንደ ወንዙ ጠባይ ከፍና ዝቅ የሚሉ አድርጎ ማሠራት ከሁሉም ማሻሻያ የሚበልጠው ነው።

ዶማ፣ ማግኔትና ሚዛን

ለዶማና ለአካፋ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አካፋው አጭር እጀታ ቢኖረው ይሻላል፤ በወንዝ ዳር የሚሠራ ሰው ተንበርክኮ ነውና። በአለት ስንጥቅ ውስጥ የገባውን አሸዋ ለማውጣት የሚያገለግል መንጠቆ ግን ከሱቅ አይገኝም፤ ይሠራል። ጫፉ የተሰበረ ረጅም ካቻቪቴ ወይም ከጭነት መኪና የወጣ የባሌስትራ ቁራጭ በእሳት አግሎ እንደ ጥፍር ማጠፍ ነው። ባሌስትራ ጥሩ ብረት ቢሆንም ግሎ ሳለ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ከተተወ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከተነከረ በኋላ እንደገና በቀስታ ሞቆ ሲለሰልስ ነው ዶማ የሚሆነው። ይህን ልዩነት ከመጽሐፍ ያነበበ መሐንዲስ አለ፤ ከብረቱ ቀለም ለይቶ የሚያውቀው ግን ቀጥቃጩ ነው።

ከታጠበ በኋላ በገበቴው ውስጥ ከወርቁ ጋር የሚቀር ጥቁር አሸዋ አለ። አብዛኛው በማግኔት የሚሳብ ብረት አዘል ድንጋይ ነው። ማግኔት መግዛት አያስፈልግም፤ ከተሰበረ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ይፈታል። ዘዴው በቀጭን ፌስታል ጠቅልሎ መጠቀም ነው። ጥቁሩ አሸዋ በፌስታሉ ላይ ሲለጠፍ ወደ ሌላ ዕቃ ወስዶ ማግኔቱን ከፌስታሉ ማውጣት ብቻ ነው፤ አሸዋው ራሱ ይረግፋል። ማግኔቱ በአሸዋው መካከል ወርቅ ይዞ እንዳይሄድ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ሚዛን ሲገዙ የግራም መቶኛውን የሚያሳይ ይሁን። አሮጌው የወርቅ መለኪያችን ወቄት የአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ክብደት ማለትም 28 ግራም ገደማ ነበር፤ የዓለም ገበያ የወርቅ አውንስ ግን 31.1 ግራም ነው። ሁለቱን ያምታታ ሻጭ ከአሥር እጅ አንዱን በነፃ ይሰጣል። ለማረጋገጫ ከሣጥን ውስጥ የሴት አያትን ማርያ ትሬዛ ማውጣት ይቻላል፤ ያላረጀ ከሆነ 28.07 ግራም መመዘን አለበት።

በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ብዙዎች የማይጽፏቸው ግን ሕይወት የሚያድኑ ዕቃዎች አሉ፤ ቦት ጫማ፣ የቆዳ ጓንት፣ ገመድ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና አጎበር። የወርቁ አገር ብዙው ቆላ ነው፤ በቆላ ደግሞ ወባ አለ። ጉድጓድ ውስጥ መግባት ግን በምንም ዓይነት መሣሪያ የሚፈቀድ ጨዋታ አይደለም። ደጋፊ የሌለው የአፈር ግድግዳ ሲናድ አያስጠነቅቅም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

አሁን የወጣቱን ኪስ በአንድ ቀን ስለሚያራቁተው ዕቃ እንናገር። እውነተኛ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አለ፤ በመሬት ውስጥ የማግኔት ሞገድ እየላከ የብረታ ብረቱን መልስ ይሰማል። የሚሰማው ግን ከቅርብ ነው። ትንሽ የወርቅ ፍሬ ከሆነ ከጥቂት ሴንቲ ሜትሮች በታች አይደርስበትም፤ ዱቄት የሆነውንም ወርቅ አይሰማም። ቆርኪና ሚስማር በሞላበት መሬት ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል። እንዲህ ያለውን ከመግዛት በፊት ስለ ማስገባቱ ጉምሩክን፣ ስለ መጠቀሙም የማዕድን መሥሪያ ቤቱን መጠየቅ ይገባል።

ከዚህ የተለየው ግን «ከሩቅ ወርቅ ይጠቁማል» እየተባለ የሚሸጠው፣ ባለ አንቴናው ዕቃ ነው። በእጅ ሲይዙት ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። የሚያዞረው ወርቁ ሳይሆን ሳይታወቅ የሚያዘነብለው የያዡ እጅ ነው። ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል እንግሊዛዊ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ነው ተብሎ ይሸጥ የነበረ መጫወቻን ስሙን ለውጦ፣ ቦምብ ጠቋሚ መሣሪያ ነው እያለ ለኢራቅና ለሌሎች መንግሥታት በውድ ዋጋ ሸጠ። በውስጡ የሚሠራ ነገር አልነበረበትም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በለንደን ፍርድ ቤት 10 ዓመት ተፈረደበት። መንግሥታትን ያታለለ ዘንግ አንድ አዲስ ተቀጣሪ ቢያታልል የሚገርም አይሆንም። መከላከያው ቀላል ነው። ሻጩ ዓይኑ እንዲሸፈን ይደረግና አንድ የወርቅ ቀለበት ከአሥር ጣሳዎች በአንዱ ሥር ይደበቅ። ያገኛል ከተባለ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ያግኘው።

ከዝርዝሩ የሚሰረዝ

ሜርኩሪ ማለት ባዜቃ ነው። ወርቁን በቀላሉ ስለሚሰበስብ በየወርቁ አገር ይጠቀሙበታል። ከወርቁ ጋር ከተዋሐደ በኋላ በእሳት ሲያተኑት ግን ትነቱ የሰውን ሳንባ አልፎ ወደ አእምሮና ወደ ኩላሊት ይገባል። የቀረው ወደ ውሃ ይወርድና በዓሣ በኩል ወደ ማዕድ ይመለሳል። በጃፓን ሚናማታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. የታወቀው በሽታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር ከተለቀቀ ሜርኩሪ የመጣ ነበር። ሕፃናት በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ተጎዱ። ይህን መርዝ ለመግታት የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ስምምነት በዚያች ከተማ ስም የተጠራው ስለዚህ ነው። ለትርፍ ጊዜው ወርቅ የሚፈልግ ሰው ሜርኩሪ ከነካ፣ ለአንድ ግራም ወርቅ ሲል የመንደር ውሃ ሸጠ ማለት ነው።

ልምምዱ በአቃቂ

እንግዲህ መሣሪያው ተሠርቶ አለቀ እንበል። የአቃቂ ወንዝ ቅርብ ስለሆነ እዚያ መሞከር ይቻላልን? አይቻልም። የአቃቂ መሬት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይና ቀይ አሸዋ ነው፤ ወርቃችን የሚገኘው ግን ከዚህ እጅግ በሚያረጁት በደቡብ፣ በምዕራብና በሰሜን አለቶች ውስጥ ነው። ደግሞም ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ የሚወርድ ስለሆነ እጅ የሚነከርበት ውሃ አይደለም።

ለልምምድ የሚያስፈልገው በግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሳፋ ውሃና አንድ ባልዲ የግንባታ አሸዋ ነው። ከጎሚስታ ዘንድ አሮጌ የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ለምኖ፣ በመዶሻ አሳስቶ፣ የምስርና የጤፍ መጠን አድርጎ 20 ቁራጭ መቁረጥ ነው። እርሳስ ከወርቅ ቢቀልም ከአሸዋው ከ4 ጊዜ በላይ ይከብዳል። ሃያውን ቁራጭ በአሸዋው ውስጥ ቀላቅሎ ማጠብና ስንቱ እንደተመለሰ መቁጠር ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥር ቢመለስ አይደንቅም። ሃያው ሁሉ በተከታታይ መመለስ ሲጀምር፣ ያ ሰው ለወንዙ ተዘጋጅቷል። እርሳስ መርዝነት ስላለው ከልምምዱ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብና ውሃውን ከአትክልት ማራቅ አይረሳ።

ይህን ልምምድ በሦስት ቅዳሜ የታከተው ሰው ወርቅ ፍለጋ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ያውቃል። ያወቀውም በአንድ ሳፋና በአንድ ባልዲ ዋጋ ነው፤ በደመወዙ ሁሉ ከውጭ አገር ባዘዘው መሣሪያ ዋጋ አይደለም። ያልታከተው ደግሞ ገበቴው ለምን እንደ ተጋደመ፣ ሳጥኑ ለምን እግር እንዳስፈለገው በእጁ ያውቃል። የሚያሠራውም ዕቃ ከዚያ በኋላ የራሱ ይሆናል።

በመጀመሪያ ብረቱም መንገዱም በእጁ ሳሉ የጎደለው ምንድን ነው ብለን ነበር። የጎደለው ከባለ እጁ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ነው። በአገራችን ቀጥቃጩ በቡዳነት ሲታማ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስትናቅ ብዙ ዘመን አልፏል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀርም ንቀቱ ግን በሌላ መልክ አብሮን ይኖራል። የተማረው ሰው ሥዕል በስልኩ አሳይቶ «እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ» ይላል እንጂ፣ «ይህ ለምን ይሆናል? አንተ ብትሆን እንዴት ታደርገዋለህ?» ብሎ አይጠይቅም። በያጁም የታዘዘውን ብቻ ሠርቶ ይሸኘዋል። ሁለቱ ቢመካከሩ ኖሮ አንዱ የወርቁን ጠባይ፣ ሌላው የብረቱን ጠባይ ይዞ ይመጣ ነበር፤ ከሁለቱም እውቀት ለሻኪሶና ለአሶሳ አጣቢ የሚሸጥ፣ ቀላልና መርዝ የማያስፈልገው የማጠቢያ ሳጥን ሊወጣ ይችል ነበር። ይህ ደግሞ ከአንድ ቅንጣት ወርቅ የሚበልጥ ሀብት ነው።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ወጣቶቻችን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወርቅ ወዳለበት ሩቅ አገር ከመነሳታቸው በፊት፣ በደጃቸው ወዳለው የብረት ሥራ ቤት ወረቀትና እርሳስ ይዘው ጎራ ይበሉ። ስለ ዋጋ ሳይጠይቁ በፊት ስለ ብረት ይጠይቁ። ጥምጣሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።